ከሥርዓት መስታወት ወደ ተማሪ ቤት፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በቆቦ መማሪያ ክፍል

መግቢያ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ታተመ። መጽሐፉ ለፈተና በሚጠናበት ክፍል ሁሉ አንድ መልስ አብሮት ይዞራል፦ ልብ ወለዱ የፊውዳሉን ሥርዓት ያንጸባርቃል፣ ይተቻልም። ተማሪው ይህን በደብተሩ ይጽፋል፤ ከሥሩ ፊታውራሪ መሸሻን «ጨቋኝ»፣ አበጀ በለውን «ታጋይ»፣ ጉዱ ካሳን «የደራሲው አፍ» ብሎ ይደረድራል፤ ለፈተናውም ዝግጁ ነው ይባላል። ይህ መጣጥፍ የሚሞግተው ያን መልስ ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። ጥፋቱ ገና ሳይነበብ ንባቡን መዝጋቱ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መማርና ስለ ማስተማር የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ የራያ ቆላ ተማሪም ወደ መጽሐፉ የሚገባበት ሰፊው በር ይኸው ነው።

ሙግቱን ከቆቦ የማነሣው በምክንያት ነው። ከተማዋ ከወልድያ በስተ ሰሜን ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በዞብል ተራሮች ግርጌ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ አማርኛው ከትግርኛ፣ ከኦሮምኛና ከአፋርኛ ጋር ሲጎራበት የኖረ ነው። የልብ ወለዱ ዓለም ግን ጎጃም፣ ያውም የደብርና የጉልት ጎጃም ነው። መጽሐፉ «የዚያን አገርና የዚያን ዘመን ሥርዓት ያሳያል» ተብሎ ከተሰጠ፣ የቆቦው ልጅ የሚቀበለው የሌላ ሰው መስታወት ነው።

የፈተናው ነገርም በአጭሩ መነሣት አለበት። እስከ 2011 ዓ.ም በተሰጠው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አማርኛ አንዱ የፈተና ትምህርት ነበር። ያ ፈተና ሲቀር አማርኛ የ2ኛ ደረጃ ብሔራዊ መመዘኛውን አጣ፤ የ12ኛ ክፍሉ የመልቀቂያ ፈተና አማርኛን አይጨምርምና። ዛሬ ልብ ወለዱ የሚፈተነው መምህሩ ራሱ በሚያወጣው ፈተና ነው። ስለዚህ የጥያቄውን ዓይነት መለወጥ የአዲስ አበባን ፈቃድ አይጠብቅም፤ በቆቦ መምህራን እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

የቀደሙ ሥራዎች

አልበርት ዤራር በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ከሌሎች የአፍሪካ ሥነ ጽሑፎች ጎን አቁመውታል። ቶማስ ኬን በ1975 እ.ኤ.አ. ልብ ወለዶቹን በየርዕሰ ጉዳያቸው መድበው አሳይተዋል። ታዬ አሰፋ በ1986 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የአማርኛን ልብ ወለድ ቅርጽ መርምረዋል። ዮናስ አድማሱ ሥነ ጽሑፉን ከአገር ምናብ ጋር አገናኝተው ተንትነዋል። የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»ም (1992 ዓ.ም) ለብዙ መምህራን የትንተናን መሣሪያ ሰጥቷል። ከእነዚህ ጋር እዚህ የምጋፈጥበት ጉዳይ የለኝም።

ጠቡ ከራይዱልፍ ሞልቬር ጋር ነው። ሞልቬር በ1980 እ.ኤ.አ. በላይደን ያሳተሙት ጥናት ከ1930 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈውን የአማርኛ ልብ ወለድ የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ባህላዊ ኑሮ የሚታይበት ምንጭ አድርጎ ያነባል። ሥራው ትጋት የሞላበት ነው፤ ለማኅበረሰብ ተመራማሪም ይጠቅማል። ችግሩ ዘዴው ላይ ነው። ልብ ወለድ እንደ ምስክር ሲጠራ ገጸ ባሕርያቱ የየመደባቸው ናሙና ይሆናሉ፤ መሸሻ «ባላባቱ»፣ በዛብህ «የድኻ ልጅ»፣ ሰብለ ወንጌል «የታፈነችው ሴት»። ከአምስት መቶ ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ ወደ ሦስት መለያ ይወርዳል። ሞልቬር ይህን ለፈተና ብለው አላደረጉትም፤ የክፍላችን ማስታወሻ ግን ከዚያው አነባበብ የተቀዳ ይመስላል። ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ለመደርደር ከናሙና የሚመች የለም።

የሚገርመው መድኃኒቱም ከራሳቸው ከሞልቬር መገኘቱ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የደራስያንን ሕይወት በተረኩበት መጽሐፋቸው ሐዲስን እንደ ሰው ያቀርቧቸዋል። ሐዲስ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ወርደው ዘመናዊ ትምህርት ቀስመዋል፤ በወጣትነታቸው አስተምረዋል። ይህ ሕይወት ከልብ ወለዱ ጎን ሲቀመጥ «መስታወት» የሚለው ንባብ ምን ያህሉን እንደሚያስቀር ወዲያው ይታያል። ሁለቱ የሞልቬር መጻሕፍት አልተነጋገሩም። ማነጋገር የኛ ፋንታ ነው።

የተዘነጋው ምንጭ

ሐዲስ ልብ ወለዱን ከማሳተማቸው 10 ዓመት በፊት፣ በ1948 ዓ.ም፣ «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተባለ መጽሐፍ አውጥተዋል። በዚያው ዓመት «ተረት ተረት የመሠረት»ም ታትሟል። ስለ ተማሪ ቤት የሚናገር መጽሐፍና የተረት መጽሐፍ በአንድ ዓመት ያወጣ ሰው ነው እንግዲህ በ1958 ዓ.ም ልብ ወለድ ይዞ የመጣው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ግን የ1948ቱን መጽሐፍ ስም እንኳ አይሰማም። በሥነ ጽሑፍ ጥናቱም ቢሆን የሚጠራው ባብዛኛው በደራሲው የሥራዎች ዝርዝር ውስጥ፣ በአንዲት መስመር ነው። ስለ ተማሪ ቤት የጻፈን ደራሲ በተማሪ ቤት እያጠኑ ይህን መጽሐፉን መዝለል ትንሽ ጥፋት አይደለም።

ልብ ወለዱን በዚህ ብርሃን እንየው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳላሉ። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ መንገዱ ተቆርጦለታል፤ ለትምህርት የተሰጠ ልጅ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ገብቶ ቅኔ ይማራል። ወላጆቹን ያጣል፤ ትምህርቱ ብቻ ይቀርለታል። ያ ትምህርት ነው የባላባቱን ደጅ የሚያስከፍተው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል መምህር አድርገው ያስገቡታል።

አሁን ያችን የትምህርት ክፍል ቀረብ ብለን እንመልከት። በትውልድ ሚዛን እሱ ታች፣ እሷ ላይ ናት። መጽሐፉ ሲገለጥ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ የሚያርመው እሱ፣ የምትታረመው እሷ ናት። የባላባት ልጅ ከድኻ ልጅ አፍ ቃል ትቀበላለች። ፍቅሩም የሚበቅለው እዚያው፣ ከማንበብና ከማረም መካከል ነው። በመሸሻ ግዛት የዘር ማዕረግ ለጊዜውም ቢሆን ሥራ የሚፈታው በዚህች የትምህርት ሰዓት ነው። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ከመነሣታቸው በፊት ሥርዓቱ በመሸሻ ቤት ውስጥ፣ በተገለጠ መጽሐፍ ፊት ተሸንፏል።

ሁለተኛው ማስረጃ ስለቱ ነው። የሁለቱን ፍቅር የሚያግደው የመደብ ልዩነት ብቻ ቢሆን ደራሲው የወላጆቹን ስለት በልጁ ጫንቃ ላይ ማኖር ባላስፈለጋቸው ነበር። በዛብህ ሲሰቃይ የምናየው ከመሸሻ ቁጣ ጋር ብቻ እየታገለ አይደለም፤ ለትምህርትና ለአገልግሎት ከተሰጠበት ቃል ጋርም ነው። «መሰናክሉ የመደብ ልዩነት ነው» የሚለው የፈተና መልስ የልጁን ጭንቀት ግማሹን ሰርዞታል። ጉዱ ካሳም ቢሆን «የደራሲው አፍ» ከመባሉ በፊት ተማሪ ያጣ መምህር ነው። አገሩ እብድ ይለዋል፤ የሚሰማው አንድ በዛብህ ነው።

ከዋድላ እስከ ዳና

ይህ ንባብ በቆቦ ምን ይለውጣል? የጎጃሙ ጉልት ለዛሬው ተማሪ የአያት ወሬ ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ሥርዓቱን ዘግቶታል። ልጁ የሚያውቀው መሬት በበልግ ማሽላ የሚዘራበት፣ የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ሲሞሉ ጎርፍ የሚጠለፍበት ሜዳ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ደጋሊትና ጅጉርቴ የተባለው ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል፤ ደብተሩን ይዞ የሚወጣም አለ። ለዚህ ልጅ ስለ ጉልተኛ መንገር እንግዳ ታሪክ ማስተማር ነው። ከቤት ርቆ የተማረ ልጅን ታሪክ መንገር ግን የሚያውቀውን መጥራት ነው።

ቆቦ ያለችበት ሰሜን ወሎ የተማሪ አገር ነውና። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት ነው፤ የበዛብህ ቅኔ ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም። በሌላው ወገን በየጁ ያለው ዳና ከወሎ ታላላቅ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አንዱ ነው፤ ሁሴን አህመድ በ2001 እ.ኤ.አ. በላይደን ያሳተሙት የ19ኛው መቶ ዘመን ወሎ እስልምና ታሪክ ስለ እነዚህ ማዕከላት በሰፊው ይተርካል። ደረሳው ከቤቱ ወጥቶ፣ በሰው ደጅ ቆሞ፣ ከሸኹ እግር ሥር ተቀምጦ ኪታብ ሲቀራ፣ የቆሎ ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቦ ከየኔታው ፊት ይቀመጣል። የመማሪያው መጽሐፍ ይለያያል፤ ረኃቡ፣ ናፍቆቱና የመምህር ክብሩ አንድ ነው። አያቷ ደረሳ የነበሩ ሙስሊም ተማሪ በዛብህን በቤቷ ታውቀዋለች። የመስታወቱ ንባብ ይህችን ልጅ ከመጽሐፉ ውጭ ያቆማታል፤ የተማሪ ቤቱ ንባብ ያስገባታል።

የቅርቡም ታሪክ ይህንኑ ይላል። ቆቦ ከ2013 ዓ.ም ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም፣ ከዚያም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም ጀምሮ እንደገና በሰሜኑ የኢትዮጵያ ጦርነት ውስጥ ወድቃ ነበር። ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ፣ ሁሉን አጥቶ ትምህርት ብቻ የቀረለትን በዛብህን ለመረዳት የግርጌ ማብራሪያ አያሻውም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«የገበሬዎቹ ዐመፅስ?» ይባላል። ዐመፁ በመጽሐፉ አለ፤ ማንም አይክደውም። የመስታወት ወገኖች የ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያደረጉትን ዐመፅ እንደ ማረጋገጫ ሊጠሩ ይችላሉ። ያ ግን ልብ ወለዱ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነ ነው፤ ያልተደረገን ነገር ማንጸባረቅ አይቻልም።

«ራያም የራሱ ዐመፅ አለው፤ በ1935 ዓ.ም የተነሣው ቀዳማይ ወያነ ከአበጀ በለው ጋር ሊነጻጸር ይችላል» የሚልም አይጠፋም። ይነጻጸር፤ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ለዚህ አለ።

«የተማሪ ቤቱ ንባብ ለእርማት አይመችም» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ የመምህር ድካም እንጂ የሥነ ጽሑፍ ክርክር አይደለም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ለሚያርም ሰው እዘናለሁ። ለእርማት የሚመች ሁሉ ግን ለንባብ የሚበጅ አይደለም።

ለጥንቃቄ ያህል፦ ይህ የመስክ ጥናት አይደለም፤ የንባብ ሙግት ነው። ማኅበራዊው ንባብ ይቅር አልልም፤ ሁለተኛ ይሁን ነው የምለው።

ማጠቃለያ

ለቆቦና ለአካባቢው የአማርኛ መምህራን የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ተማሪው ቅንጫቢውን ወይም ማጠቃለያ ፎቶኮፒውን ሳይሆን ቢያንስ የዲማውንና የማስተማሩን ምዕራፎች በሙሉ ያንብብ። ሁለተኛ፣ የ1948ቱ የሐዲስ መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከልብ ወለዱ ጎን ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ፈተናው ቢያንስ አንድ የድርሰት ጥያቄ ይኑረው፤ ለምሳሌ፦ «በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ማን ከማን ምን ተማረ? በአካባቢህ ከምታውቀው የተማሪ ሕይወት ጋር አነጻጽረህ ጻፍ»። ለዚህ ጥያቄ የሚሸመደድ መልስ የለም። መጽሐፉን ያነበበ ይጽፋል፤ ያላነበበ ባዶ ወረቀት ይመልሳል። የሥነ ጽሑፍ ፈተና መለየት ያለበትም እነዚህን ሁለቱን ነው።