«የጥራት ትንተና» አይደለም፤ ልየታ ነው

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ሐጅ ዩሱፍ፣ ማታ ማታ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ኬሚስትሪ አስጠና ነበር። ቀን በዓረብኛ የተማሩትን ማታ በአማርኛ እናብላላው ነበር። አንድ ቀን አንዷ ተማሪ ከአገር ቤት በስልክ የተላከላትን ማስታወሻ ይዛ መጣች። ርእሱ «የብረት አዮኖች የጥራት ትንተና» ይላል። ሥሩ አንድ ሙከራ ተጽፏል፤ እርሳስ ናይትሬት የሟሟበት ኩልል ያለ ውኃ ላይ ፖታሲየም አዮዳይድ ጠብ ሲደረግ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ዝቃጭ ይወጣል። ልጅቷ አነበበችና፣ «ጋሼ፣ ጥራቱ ተተነተነ ሲል ውኃው ጥሩ ሆኖ ተገኘ ማለቱ ነው?» አለችኝ።

እርሳስ መርዝ ነው። መርዝ ያለበትን ውኃ «ጥሩ ነው ወይ» የሚያሰኝ ስም እንዴት ይወጣለታል? ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ አማርኛዋ ልክ ነው። ጠራ ማለት ከድፍርስነት ወጣ ማለት ነው። ጠላው ጠራ፣ ሰማዩ ጠራ እንላለን። ጥሩም ጥራትም ከዚሁ ወጡ። ገበያ ላይ ጥራት ያለው ጨርቅ፣ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ስንል የምንናገረው ስለ ደግነቱ ነው። ማስታወሻውን ያዘጋጀው ሰው የተረጎመው የእንግሊዝኛ ቃል («ኳሊቲ») ግን ሁለት ፊት አለው። አንዱ «ምን ያህል ደኅና ነው» ይላል፣ ሌላው «ምን ዓይነት ነው» ይላል። የኬሚስትሪው ጥያቄ ሁለተኛው ብቻ ሲሆን ተርጓሚው የመጀመሪያውን አነሣ። ይባስ ብሎ እርሳሱ ያለበት ውኃ በዓይን ሲታይ የጠራ ነው። ፈሳሹ ጠርቶ የሚደብቀውን ነገር ፈልቅቆ ለሚያወጣ ሥራ «ጥራት» የሚል ስም መስጠት ቃሉን በራሱ ላይ ማስመስከር ነው።

«የብረት አዮን» የሚለውም አላስደሰተኝም። ብረት ስንል መጀመሪያ የሚታየን ማረሻና መዶሻ የሚሠራበት ብረት ነው። መዳቡ፣ ዚንኩ፣ አሉሚኒየሙ፣ ብሩ የት ሄዱ? «የብረታ ብረት አዮኖች» ቢል ሁሉም ይገባል። አዮን እንዳለ ይቆይ፤ ዓረቡም አዮን ብሎት ነው የሚያስተምረው።

አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ይህ ትምህርት የአማርኛ ስም ሳይቸግረው ብዙ ኖሯል። ሲቸግረው ደግሞ በችኮላ ያገኘውን ለበሰ። እኔ ግን ተረጋግተን ብንመርጥ የተሻለ አናጣም ባይ ነኝ። «ዓይነታዊ ትንተና» የሚሉ አሉ። ከ«መጠናዊ» ጋር ጥሩ ጥንድ ይሆናል፤ ስሕተትም የለበትም። ሆኖም ትንተና ዘርዝሮ ማስረዳት ነው፤ በሬዲዮ ስለ ምርጫ የሚናገርም ይተነትናል። እጅ አሲድ የሚቀዳበትን ሥራ አያሳይም። «ምርመራ» ሐኪም ቤትንና ፖሊስ ጣቢያን ያስታውሳል፤ መርምሮ ያጣም መረመረ ይባላል። «ፍተሻ» በር ላይ ኪስ የሚዳብስ ነው። «ፈተና» የወርቅ አንጥረኞች ቃል ስለነበር ልቤ ያዘነብልለታል፤ ነገር ግን ዛሬ ፈተና ሲባል ተማሪ የሚያስበው ብሔራዊውን ነው።

ሱዳኖች «አልከሽፍ» ይሉታል፤ ገለጣ እንደ ማለት። ልጆቹም ሲያስጨንቃቸው «ጋሼ፣ ከሽፉ እንዴት ነው?» ይሉኝ ነበር። ይህን ስሰማ ከግእዝ ከሠተ የሚለው ግስ ትዝ አለኝ፤ ገለጠ ማለት ነው። ክሠታ ልንለው ይቻል ነበር፤ ይሁንና ክሥተት ቀድሞ ለሚደርስና ለሚታይ ነገር ሁሉ ስም ሆኗልና ይደባለቃል።

የመረጥሁት ልየታን ነው። ለየ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ነጠለ ይላል፣ ዐወቀም ይላል። እረኛ በጎቹን ለየ ሲባል ከሌላው መንጋ ነጠላቸው ነው፤ እናት ልጇን በድምፁ ለየችው ሲባል ዐወቀችው ነው። የኬሚስቱም ሥራ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ብር፣ እርሳስና አንደኛው ዓይነት ሜርኩሪ አንድ ላይ የሟሙበት ውኃ ቢሰጠው፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨምርበት ሦስቱም ነጭ ሆነው ይዘቅጣሉ፤ መዳብና ብረት ካሉ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። ይህ መነጠል ነው። ከዚያ ዝቃጩ ላይ የፈላ ውኃ ሲያፈስ እርሳሱ ሟሙቶ ይወርዳል፤ አዮዳይድ ጠብ ሲልበት ቢጫው ይመሰክርበታል። የቀረው ላይ አሞኒያ ሲጨመር ብሩ ይሟሟል፣ ሜርኩሪው ይጠቁራል። ይህ ደግሞ ማወቅ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱን በሁለት ቃል ይላቸዋል፤ እኛ በአንድ ለየ እንጨርሳለን። ያለንን ሀብት ትተን ለምን ትርጉም እንለምናለን?

ለየ ከተያዘ ዘንድ ከሠተም ሥራ አይፈታም። አዮኑን ገልጦ የሚያወጣውን ኬሚካል ብዙዎች «ሪኤጀንት» ብለው ያልፋሉ። እኔ ከሣቴ እለዋለሁ። የአክሱሙን ጳጳስ አባ ሰላማን ከሣቴ ብርሃን ብሎ ያልጠራ የለም፤ ተሰማ ሀብተ ሚካኤልም በ1951 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን በዚሁ ስም ጠርተውታል። ቃሉ ከባድ ነው የሚለኝ ሰው አባባሉን በአፉ ይሞክረው፤ ከሣቴ እርሳስ፣ ከሣቴ መዳብ፣ ከሣቴ ብረት። ፖታሲየም ታዮሳያኔት ውኃውን ደም ሲያስመስለው ተማሪው ከሣቴ ብረቱ ምን እንደሠራ ሳይነገረው ይረዳል።

ከሣቴ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ብረት በበዛበት የጉድጓድ ውኃ የፈላ ሻይ ይጠቁራል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ይፈካል። የሻዩ ታኒን ነው ብረቱን የገለጠው። ሱዳኖች ቆዳ የሚያለፉበት ቀረድ የሚባለው የግራር ፍሬም እንዲሁ ያደርጋል፤ ዱቄቱ ዝገት የሟሟበት ውኃ ላይ ሲነሰነስ ቀለም ይመስላል። በአንደኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒም ይህን ብልሃት ጽፎታል። ከመዳብ ዝገት የሚሠራው ቀለም ላይ የብረት ጨው የሚቀላቅሉ አጭበርባሪዎች ነበሩና፣ በእንዲህ ያለ መራራ ፍሬ ጭማቂ የተነከረ ፓፒረስ ጠቁሮ ያጋልጣቸው ነበር።

ዝቃጭ የሚለውን እንደያዝነው እንያዘው። ዝቅጠት ግን አይሆንም፤ የሰው ምግባር ሲወድቅ የምንለው ነው። ዓረብኛውም እዚህ ላይ አልተመቸውም። ራሲብ ዝቃጭ ማለት ነው፤ ፈተና የወደቀ ተማሪም ራሲብ ነው። ስለዚህ ልጆቹ «ነጭ ራሲብ ታየ» በተባለ ቁጥር በጎን እየተያዩ ይሥቁ ነበር።

ያቃተኝ አንድ ቃል ቀርቷል። የአሉሚኒየም አዮን ያለበት ውኃ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ ይወጣል፤ እየጨመሩ ሲሄዱ ዝቃጩ ተመልሶ ይሟሟል። ከአሲድም ከቤዝም ጋር ስለሚስማማ ነው። ከልጆቹ አንዱ «ሁለት ባሕርይ ያለው» እንበለው ብሎ ነበር። ሐረጉ ያምራል፤ ግን ሁለት ባሕርይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንት ክርክር የተካሄደበት ቃል ስለሆነ ወደ ብልቃጥ ላወርደው አልደፈርሁም። ለጊዜው ደብተራቸው ላይ «ከሁለቱም የሚስማማ» ብዬ አስጽፌያቸዋለሁ።