ይፋት፦ በደጋውና በባሕሩ መካከል የነበረች አገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ በደሴ መንገድ ስትጓዙ ጣርማ በር ላይ ጉምና ብርድ ይቀበሏችኋል። ዋሻውን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ተሻግራችሁ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ግን ጋቢያችሁን አውልቃችሁ ጥላ ትፈልጋላችሁ። ሸዋ ሮቢት የምትገኝበት፣ ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚበቅልበት ይህ ቆላ በመካከለኛው ዘመን የራሱ ሱልጣኖች የነበሩት አገር ነበር፤ ይፋት ይባላል።

ብዙዎቻችን ይፋትን የምናውቃት በዐፄ ዓምደ ጽዮን የጦርነት ታሪክ ውስጥ ነው። ጸሐፊው የንጉሡ ወገን ነውና በዚያ የምትታየን በጠላትነቷ ብቻ ነው። እስቲ ዛሬ ከቆላው በኩል ሆነን እንመልከታት።

የይፋት ገዥዎች የወላስማ ቤት ይባላሉ። ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1285 በሸዋ ይገዛ የነበረውን የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት አስወግዶ ምድሩን ያዘ። ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከነገሡ ገና 15 ዓመት ሆኖ ነበር። ልብ በሉ! እስልምና ወደ ሸዋ የገባው በግራኝ አሕመድ ጊዜ የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም፤ ይህ የሆነው ግን ከግራኝ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ሱልጣን አገልግሎት የነበረው ጸሐፊ አል ዑመሪ የሐበሻን ሰባት የእስላም አገሮች ሲዘረዝር ይፋትን ያስቀድማል። ርዝመቷን የ20፣ ወርዷን የ15 ቀን መንገድ ያደርገዋል፤ ሙዟን፣ ሸንኮራ አገዳዋንና ጫቷን ሳይቀር ያነሣል። ዋናው ሀብቷ ግን መንገዷ ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ጨርቅ ወደ ደጋ፣ የደጋው ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያውም ጭምር፣ ወደ ባሕር የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። ይህን በር የያዘ ሰው ከደጋው ንጉሥ ጋር መጋጨቱ አይቀርም።

ግጭቱ ቤተ ክርስቲያናችንን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1321 በግብፅ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈርሱ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ስለ ግብፅ ክርስቲያኖች ተቆርቁረው ወደ ካይሮ መልእክተኛ ላኩ። የይፋቱ ሱልጣን ሐቀዲን ከካይሮ ሲመለስ የነበረውን መልእክተኛ ይዞ፣ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አስገድዶ፣ እምቢ ቢለው ገደለው። ንጉሡም ዘምተው ሱልጣኑን ድል ነሡ። ቀጥሎ ያደረጉትን ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን፤ በሐቀዲን ቦታ የሾሙት የገዛ ወንድሙን ሰብረዲንን ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1332 ገደማ ሲያምፅና ሲሸነፍ ሹመቱ እንደ ገና ለወንድሙ ለጀማለዲን ሆነ። ለእምነቱ የሚዋጋው ንጉሥ እንኳ ይፋትን ያለ ወላስማ ቤት ማስተዳደር አልቻለም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የወላስማ ቤት ራሱ ተከፈለ። ገሚሱ ለደጋው ንጉሥ ገበረ፤ ገሚሱ ወደ ምሥራቅ ሸሸ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን በዘይላ ተገደለ፤ በወደቡ አጠገብ ያለችው ደሴት እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ልጆቹ ወደ የመን ተሰድደው ከተመለሱ በኋላ የአዳልን መንግሥት አቆሙ። ይፋት በነገሥታቱ እጅ ገባች፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስሟን ከሸዋ ጋር በማዕርጋቸው ይጠሩት ነበር። መንገዱም አልሞተም፤ ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ የሐረር ነጋዴና የሸዋ ገበሬ ይገናኙ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ደም ሲፈስ፣ ቤት ሲቃጠል፣ የዓምደ ጽዮንን ዘመን እንደ ትናንት ቂም አንሥተው የሚከራከሩ ወጣቶች ሰምቼ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን። ተከራካሪዎቹ አርጎባዎችን አላነሡም። በይፋት ገመገም ላይ የሚኖሩት አርጎባዎች እስላሞች ናቸው፤ ቋንቋቸው የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ብዙዎቹም ዛሬ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። በድንጋይ ካብ እርከን ሠርተው ያርሳሉ፤ ይሸምናሉ፤ ይነግዳሉ። የታሪክ ተመራማሪዎች በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ያጠኗቸው እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ የድንጋይ መስጊድ ፍርስራሾችም የሚገኙት በዚሁ ገመገም ላይ ነው። ከእነዚያ ግድግዳዎች ላይ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው የደጋውን ጫፍ፣ ወደ ታች የሚያይ ደግሞ እስከ አፋር ሜዳ ያለውን ቆላ ያያል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።