ሩብ ዋትና የጀፎረው ስፋት

በጉራጌ ምድር የራዲዮ ታሪክ ሲጻፍ፥ ከሣጥኑ ፊት በጨርቅ ተጋርዶ የሚቀመጠው ክብ የወረቀት እስፒከር ከጣቢያውም ከነጋዴውም አስቀድሞ ሊወሳ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ፥ የመብራት ኃይል ባልተዳረሰበት ዘመን፥ አድማጭ የሚያባክነው ኃይል ጨርሶ አልነበረውምና።

የአቃቂው ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በጠላት ወረራ ቢቋረጥም፥ ከነጻነት በኋላ የመንግሥቱ ራዲዮ ዳግመኛ ቆመ፤ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ በይፋ ተመረቀ። በዚያው በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ከአጎራባች ሕዝቦች ጋር ገንዘብ አዋጥተው ከዓለም ገና በቡታጅራ አልፎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ማሠራት በጀመሩ ጊዜ፥ ለመስቀል ወደ አገር ቤት የሚገባው የመርካቶ ነጋዴ እንደ ራዲዮ ያለውን ከባድ ዕቃ በበቅሎ ጀርባ ከማጓጓዝ ዐረፈ።

መብራት ላልደረሰበት አገር እንደ ፊሊፕስ ያሉ ፋብሪካዎች የሠሩት ባለ ቫልቭ ራዲዮ የሚነሣው በባትሪ ድንጋይ ነበር፤ አንደኛው ባትሪ በ1.5 ቮልት ገደማ የቫልቮቹን ክር ያግላል፥ ትልቁ ደግሞ 90 ቮልት እየሰጠ ቫልቮቹን ያሠራል፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ እስፒከሩ የሚደርሰው ግን ሩብ ዋት ያህል ብቻ ነው። ይህ ኢምንት ኃይል ጎጆውን ሞልቶ ለጎረቤት እስኪተርፍ ያደረሰው ምሥጢር ምንድር ነው ቢሉ፥ የእስፒከሩ ትብነት ነው። ራይስና ኬሎግ የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1925 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ሥርዓት፥ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅልል እየተርገበገበ ወረቀቱን ይነዳል፤ የራዲዮ ሠሪዎቹም ወረቀቱን ቀጭንና ቀላል፥ የማግኔቱንም ክፍተት ጠባብ አድርገው፥ ትንሹ ንዝረት እንዳይባክን ተጠበቡበት። ትብነት በ1 ዋት ኃይል፥ በ1 ሜትር ርቀት፥ በዴሲቤል ይለካል፤ 95 ዴሲቤል የሚሰጠው እስፒከር በ1 ዋት የሚያሰማውን፥ 85 ዴሲቤል የሚሰጠው ለማሰማት 10 ዋት ይሻል። ሩብ ዋት ይዞ ሁለተኛውን መምረጥ በደከመ በሬ ላይ ከባድ ቀንበር መጫን ነው።

ጀፎረ ግን ሌላ ፈተና አለው። በግራና በቀኝ ጎጆዎች የተሰለፉበት ያ ውብ ሣራማ አደባባይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለውም፤ በሜዳ ላይ ደግሞ ርቀቱ በታጠፈ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳልና፥ በጎጆ ውስጥ የጠራ ዜና ደጅ ሲወጣ ሹክሹክታ ይሆናል። ስለዚህ ለአደባባይ ጉባኤ፥ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ አፈ ሰፊው ጡሩምባ ተመረጠ፤ እየሰፋ የሚሄደው አንገቱ ጠባቡን ንዝረት ከሰፊው አየር ጋር ስለሚያስታርቅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ይሁን እንጂ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚነፍግ፥ ለአዋጅና ለስብከት እንጂ ለበገና አይሆንም።

በመብራት የሚሠራው ባለ ቫልቭ ራዲዮ ከ3 እስከ 5 ዋት አመጣ፤ የሸክላ ማጫወቻም ከጀርባው ይሰካበት ነበር። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፥ ከጉራጌ ቤተሰብ አዲስ አበባ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድም ድምፁን በሸክላ ሲያስቀርጽ፥ ለአንድ ቡና ቤት ይህን ያህል ኃይል ይበቃ ነበር።

በኋላ ትራንዚስተር ኃይልን አረከሰ፤ ፋብሪካዎችም በትንሽ ሣጥን ውስጥ ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ሲሉ ከባድ ወረቀትና ልል የጎማ ጠርዝ አበጁ። እኔን የሚያሳዝነኝ፥ በአንዳንድ የጥገና ሱቅ የቀድሞው እስፒከር ተነቅሎ ይህ ዐዲሱ በቦታው መግባቱ ነው። ጉዳቱ በትብነቱ ብቻ አያበቃም፤ በቫልቩና በእስፒከሩ መካከል ያለው ትራንስፎርመር ለእስፒከሩ የተለካ ስለሆነ፥ በ3 ኦም ቦታ 8 ኦም ቢያስገቡ ቫልቩ የሚያየው ጭነት ከእጥፍ በላይ ይወጣል፥ ኃይሉም ድምፁም ይዛባል። ዐሮጌ ራዲዮ ያለው ሰው አስቀድሞ ጥቅልሉን በቴስተር ይለካው፤ ሽቦው ካልተቆረጠ፥ የተቀደደው ወረቀት በስስ ወረቀትና በጥቂት ሙጫ ይጠገናል።