ከቴምሩ ሥር ምን ይተከል ነበር?

በኤምሬትስ ወዳለችው አል ዐይን ከተማ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ቴምሩን ያያል። እኔ የገዴኦ ልጅ ስለሆንኩ ዓይኔ የሚያርፈው ከሥሩ ነው። ዲላ አካባቢ ዋንዛና ብርብራ ከላይ፣ እንሰት ከመሃል፣ ቡና ከሥር ሆነው አብረው ሲያድጉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ኤምሬትስ መጥቼ በአትክልተኝነት ስቀጠር አሮጌው የቴምር ማሳ እንግዳ ያልሆነብኝ ለዚህ ነው። ቴምሩ የቤት ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው በታች ማንጎ፣ ሎሚ፣ ሮማንና በለስ፣ ከእነሱም በታች ለፍየል የሚታጨድ አልፋልፋ አለ። ዩኔስኮ የአል ዐይንን ማሳዎች እ.ኤ.አ. በ2011፣ የገዴኦን ምድር ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ዜናውን ስሰማ ሁለቱንም የራሴ አድርጌ ነው የተደሰትኩት።

ነገሩ የቆየ ነው። በአል ዐይን ሂሊ በሚባለው ሰፈር አርኪዮሎጂስቶች ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የገበሬዎች መንደር ቆፍረው የቴምር ዘር፣ ስንዴና ገብስ አግኝተዋል። ቴምርና እህል ገና ከጅምሩ የአንድ መንደር ሰብል ነበሩ ማለት ነው። የቴምር ቅጠል ፀሐይን ጨርሶ አይጋርድም፤ አጣርቶ ነው የሚያሳልፈው። ሜዳ ላይ በአንድ ሳምንት የሚጠወልግ ችግኝ እዚያ ጥላ ውስጥ በጋውን ያልፋል።

ከጥላው ይልቅ ግን ተክሎቹን የመረጠው ውሃው ነው ብዬ አምናለሁ። የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ የአካባቢው ሰዎች ፈለጅ ሠሩ። ፈለጅ ከተራራ ግርጌ የከርሰ ምድር ውሃን ይዞ፣ በመሬት ውስጥ ቦይ፣ በቁልቁለቱ ብቻ እየወረደ ማሳ የሚደርስ መስመር ነው። ቀንና ሌሊት ይፈሳል፤ ይዘጋ ቢባል አይዘጋም። ስለዚህ ባለ ማሳዎች የሚከፋፈሉት ሰዓት ነበር። ጎረቤት ኦማን ውስጥ ቀን በተተከለ እንጨት ጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት እየለኩ ተራ ይጠብቁ ነበር። ተራው የደረሰው ሰው መደቡን ሞልቶ ያጥለቀልቃል፤ ያንኑ አንድ ውሃ ቴምሩም፣ ሎሚውም፣ አልፋልፋውም ይጠጡታል። ለቴምር ብቻ ማፍሰስ ብክነት ነበር። ከቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ ደግሞ ዝናብ በበዛበት ዓመት ብቻ ይዘራል፤ ውሃው ሲያንስ እሱ ጦሙን ያድራል፣ ቋሚው ተክል ግን ይተርፋል።

አልፋልፋው የማሳው ሞተር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። እንደ ባቄላ ሥሩ ናይትሮጅን ይይዛል፤ በዓመት ደጋግሞ ይታጨዳል፤ ፍየል ይበላዋል፤ የፍየሉ ፍግ ተመልሶ ቴምሩ ሥር ይገባል። ሎሚው ደግሞ ገንዘብ ነው። የኦማን ሰዎች በጨው ውሃ ቀቅለው እስኪጠቁር በፀሐይ ያደርቁትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁሉ ለዓሣና ለሥጋ ወጥ ይሸጡታል። ሥራውን ያስተማሩኝ ኦማናዊ አዛውንት ሎሚ ሲያስተክሉኝ ከቴምሩ ግንድ ሁለት ሰፋፊ እርምጃ እንዳርቀው ያደርጉኝ ነበር። በጸደይ ለማዳቀል ወንዴውን አበባ ይዞ በገመድ የሚወጣ ሰው መቆሚያ ያስፈልገዋል፤ እሾሃሙ የደረቀ ቅጠል ተቆርጦ ሲወድቅም የሎሚውን ቅርንጫፍ ይሰብራል። ከግንዱ ሥር የሚወጣውን የቴምር ልጅም እናቱ አጠገብ ሥር እስኪሰድ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር። ፍሬው እንደ እናቱ የሚሆነው በእሱ ነው፤ ከዘር የበቀለ ምን እንደሚሆን አይታወቅማ።

ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1966 አል ዐይንን ሲያስተዳድሩ ቦዮቹን አስጠረጉ፤ አል ሳሩጅ የሚባለውንም ፈለጅ አስቆፈሩ። ጥቂት ሰዎች ይዘውት የነበረው የውሃ ድርሻም ለሌላው ገበሬ እንዲዳረስ አደረጉ። ውሃ ለደሃው ማሳ ሲደርስ ታችኛውም ተክል አብሮት ይደርሳል፤ በእኔ ዓይን ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሞተር ፓምፕ መጣ። የከርሰ ምድሩ ውሃ እየራቀ ሄደ፤ ብዙዎቹ ፈለጆችም ዛሬ የሚፈስባቸው ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የተሳበ ውሃ ነው። ውሃው ሲሸሽ ጨው ይበዛል፤ ያን ጊዜ ታችኛው ተክል በተራ ይወድቃል። መጀመሪያ የሎሚው ቅጠል ጫፉ እንደተቃጠለ ይደርቃል፤ ማንጎና ሙዝ ይከተላሉ። ሮማን ይታገላል። ቴምሩ ጨው ይችላልና ብቻውን ቆሞ ይቀራል። በከተማዋ ዋና የቴምር ማሳ ከ147,000 የሚበልጡ ዛፎች አሉ፤ ከሥራቸው መሬቱ ባዶ የሆነ መደብ ባየሁ ቁጥር ግን ያዝናለሁ። ዛፍ ቢቆጠር ማሳው ሙሉ ነው፤ አልፋልፋ፣ ሎሚና ፍግ አብረው ያኖሩት አሠራር ግን እዚያ መደብ ላይ የለም።

አሁን ሥራዬ በየቪላው ግቢ ነው። አሠሪዎች ቴምር ያስተክሉና ከሥሩ በየወቅቱ የሚቀየር አበባ ወይም ሣር ይጠይቁኛል። ትእዛዛቸውን እፈጽማለሁ፤ ቅድሚያ ግን የጉድጓዱን ውሃ አስለክቼ ጨዉን አሳያቸዋለሁ። ከበዛ ሮማን፣ ካልበዛ ሎሚና አልፋልፋ እንትከል እላቸዋለሁ። የሚሰሙኝ ጥቂት አይደሉም፤ በተለይ በአያታቸው ማሳ ውስጥ ሎሚ ሲለቅሙ ያደጉት።