ጨረቃ ስትታይ የሚንኳኳው በር

ድሬ ዳዋን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳን ስለ ከተማዋ አንድ ነገር ያውቃል፦ «ድሬ የፍቅር ከተማ ናት።» በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ይለዋል፣ ባለሥልጣኑ ይለዋል፣ እኛ ተወላጆቹም እንለዋለን። በዒድ ቀን ክርስቲያኑ ሙስሊም ጎረቤቱ ቤት፣ በፋሲካ ደግሞ ሙስሊሙ ክርስቲያን ጎረቤቱ ቤት ቡና ሲጠጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ይለቀቃል። ላይክ አድርገን እናልፋለን።

ውሸት ነው አልልም፤ ያደግኩበት ነው። ነገር ግን «ፍቅር» ብለን ስለምንደመድመው፣ ይህ ፍቅር ከምን እንደተሠራ መጠየቁን ትተነዋል። ከምን እንደተሠራ የማያውቁትን ነገር ደግሞ ሲሰበር መጠገን አይቻልም።

ከአያቴ ልጀምር። አያቴ ድሬዎች «ሸመንደፈር» በምንለው በምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ደጋግሞ የሚያወራልን ስለ ባቡሩ ሳይሆን ሌሊት ስለሚንኳኳው በር ነው። የረመዳን ማብቂያ ቀድሞ ተቆርጦ አይታወቅም። ጨረቃ ከታየች ነገ ዒድ ነው፤ ካልታየች አንድ ቀን ይጨመራል። ባቡር ግን ጨረቃን አይጠብቅም። ስለዚህ ማታ ላይ የሥራ ባልደረባው መጥቶ በሩን ያንኳኳና «ታየች!» ይለዋል። አያቴም «በል ሂድ፣ ዒድ ሙባረክ» ብሎ የጠዋት ፈረቃውን ይሸፍንለታል። ጥር ሲመጣ ተራው የዚያ ሰው ነው፤ አያቴ ከከተራ ጀምሮ ታቦት ሲያጅብ፣ ፈረቃውን የሚሸፍነው እሱ ነው። አያቴ ይህን «መቻቻል» ብሎት አያውቅም። «ተራ» ነበር የሚለው።

ይህ «ተራ» ከየት መጣ? ከከተማዋ አፈጣጠር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ግን አላስወጣው አለ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ «አዲስ ሐረር» እስከመባልም ደርሶ ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ፈረንሳዩ እዚያ ተገናኙ። በደቻቱ አሸዋ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ አደጉ። ከተማዋን ያቆመው ደብር ወይም መስጊድ ሳይሆን ባቡር ጣቢያ ነበር። አብዛኛው ሰው የመጣው ለእንጀራ ነው፤ በዓሉን በስንቁ ይዞ።

ቁልቢ ገብርኤልን አስቡት። ራስ መኮንን ያሠሩት ደብር ነው፤ በዓሉ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይከበራል። በባቡሩ ዘመን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተሳላሚ ድሬ ወርዶ ነው በደንገጎ ዳገት ወደ ቁልቢ የሚወጣው። አልጋ የሚያከራየው፣ መኪና የሚነዳው፣ ሻይ የሚያፈላው ሙስሊም ሞልቶ ነበር። ስለት ይዞ የሚወጣ ሙስሊምም አይጠፋም። የአንዱ ንግሥ ለሌላው ገበያ ነው።

በማዕድ በኩልም ድሬ ድንበሩን አላፈረሰችውም። ሁለቱ አማኞች አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ክርስቲያኗ እናት ለፋሲካ ሙስሊም ጎረቤቶቿን ስትጠራ በሙስሊም እጅ የታረደ ዶሮ በሌላ ድስት ትሠራለች። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጥሙ ደግሞ መፍትሔው ምስር ሳምቡሳ ነው፤ ለአንዱ ማፍጠሪያ፣ ለሌላው የጾም ምግብ። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ውለዋል። ያኔ ሁለቱ ጾሞች ለሳምንታት አብረው ስለሄዱ ሳምቡሳ ጠባሹ ወረፋውን መቻል አቅቶት ነበር። ልዩነትን ማክበር ማለት ለእኔ ሁለተኛዋ ድስት ናት።

እዚህ ላይ ግን ስለ አያቴ ታሪክ የማይመቸኝን ነገር ልናገር። የአያቴ ባልደረባ ለዒድ ማንኳኳት ለምን አስፈለገው? የእሱ በዓል በሕግ በዓል ስላልነበረ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገ ነበር። ሙስሊሙ «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» ሳይሆን «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» ይባል ነበር። ጥምቀት በሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ ዒድ ግን የባልደረባ ውለታ ነበር። ተራው እኩል ይመስላል እንጂ አንደኛው የሚያንኳኳው መብት ስላልነበረው ነው።

ያንን የቀየረው ፍቅር ብቻ አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን ይታወቁልን የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐ እና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ከዚያ በኋላ የአያቴ ጓደኛ በሩን ያንኳኳው መብቱን ይዞ ነው። አያቴ እንደሚለው ግን ማንኳኳቱን አላቆመም።

እንግዲህ ሁለት ምሰሶ አገኘን፦ አብሮ መሥራት እና እኩል መብት። አሁን ያሉበትን ሁኔታ እንይ።

ሕጉ አለ። የመጀመሪያው ምሰሶ ግን ተሸርሽሯል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ወጥቶ ተሠራ። የድሮው ለገሃር ሰው ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ሆነ። የጠፋው ትራንስፖርት ብቻ አይደለም፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ወጣት ሳይፈልጉም ጭምር በየቀኑ የሚገናኙበት፣ አንዱ ካልመጣ የሌላው ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ነው የጠፋው።

በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ድሬ በግጭት ስትታመስ ብዙዎቻችን «ይህ የድሬ ልጅ ሥራ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ነው» አልን። ይህን ማለት ይቀላል። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ያሰብኩት ሌላ ነው፦ ድንጋይ የያዘው ልጅ በሕይወቱ የሌላ እምነት ሰው ፈረቃ ሸፍኖ ያውቃል? የእሱንስ የሸፈነለት አለ? ሥራ አጥ ከሆነ ምን ፈረቃ አለው? ቡና የጠጡ ሰዎች ሊጣሉ ይችላሉ። ነገ ጠዋት አንዱ ያለ ሌላው ሥራው የማይሄድለት ሰው ግን ከመጣላቱ በፊት ሁለቴ ያስባል።

በቅርብ ዓመታት በዓሎቻችን ዓለም አቀፍ ክብር አግኝተዋል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም.፣ የጎረቤታችን የሐረር ሸዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ደስ ይላል። የተመዘገበው ግን ባለ በዓሉ የሚያደርገው ነው። በዓሉ ያልሆነው ሰው በዚያ ቀን የሚሸከመው ሥራ በየትኛውም መዝገብ የለም። የድሬ ቅርስ ደግሞ እሱ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በድሬ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቋል። ባለሥልጣናቱ ስለ ኢንቨስትመንቱ ሲናገሩ ሰምተናል። እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ቅጥሩ እንዴት ነው? በዘመድና በሰፈር ነው ወይስ መጋላም ከዚራም ሳቢያንም አንድ ፈረቃ ላይ ይገናኛሉ? የዒድና የጥምቀት ተራ ማን ከማን ጋር ነው የሚለዋወጠው? ይህ ጥያቄ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የድሬን ሰላም ግን ከመድረክ ንግግር ይልቅ የሚወስነው እሱ ነው።

ለሚቀጥለው በዓል የቡናውን ቪዲዮ ልቀቁ፤ እኔም ላይክ አደርጋለሁ። ግን ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ጨረቃ ስትታይ የእናንተን በር የሚያንኳኳ አለ?