አይፎን ወይስ ሳምሰንግ? ሆሳዕና ስልክ ስትቀይር

ባለፈው ያሆዴ ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ከጆሃንስበርግ ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ «ስማ፣ ያ ስልክህ አርጅቷል አሉ። አይፎን ልላክልህ ወይስ ሳምሰንግ?» አለኝ።

እናንተዬ! ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ ውስጥ ይህ ጥያቄ ያልደረሰው ወጣት ስንት ነው? ሳውዝ (ደቡብ አፍሪካን እኛ ሰፈር እንዲህ ነው የምንጠራት) ወንድም ወይ አጎት ያለው ሁሉ አንድ ቀን ይጠየቃል። እኔ ግን «ነገ ልንገርህ» ብዬ ዘጋሁ። ጎፈር ሜዳ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ጓደኞቼን ባማክራቸው የአይፎን ወገንና የአንድሮይድ ወገን እንደ አርሴናልና ማንቼ ደጋፊ ጎራ ለይተው ተፋጠጡ። ካሜራው፣ ባትሪው፣ ጌሙ፣ «ክላሱ»... ሁሉም ተነሳ። አንድም ሰው ግን «በዚያኛው ጫፍ የሚያነሳው ማን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ቤት ስገባ እናቴ የቁልፍ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አልሰማህም ልጄ፣ አልሰማህም» ትላለች። ያኔ ነው ነገሩን ከሥሩ ላየው የፈለግሁት፦ የእኛ ከተማ ሰው እስከዛሬ ስልኩን ሲመርጥ የኖረው በምንድን ነው?

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው። ስልኮቹ የተወለዱት እዚያ ነውና ልደታቸውን አልቀይርባቸውም።)

ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1999 ነው፤ ያውም አዲስ አበባ። እኛ ጋ ያኔ ስልክ ማለት ቴሌ ቢሮ ነበር። ወንበር ላይ ተደርድረህ ትጠብቃለህ፣ ስምህ ይጠራል፣ ሳጥን የምታክል ክፍል ውስጥ ገብተህ ትጮኻለህ፣ ውጭ የተቀመጠው ሁሉ የቤትህን ጉዳይ ይሰማል። ከዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ነገር አብሮ መጣ። አንደኛው የሞባይል ኔትወርክ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች መውረዱ ነው። ሁለተኛው የሀዲያና የከምባታ ወጣት በሞያሌ አድርጎ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቆራርጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፉ ነው። የእኛን ከተሞች የስልክ ታሪክ ከዚህ የስደት ታሪክ ነጥሎ ማውራት አይቻልም። ልጁ መንገድ ላይ ነው። ደላላው «ገብቷል፣ ቀሪውን ብር አምጡ» ይላል። እናት ግን ድምፁን ካልሰማች አታምንም። በብዙ ቤት የመጀመሪያው ሞባይል የተገዛው ለዚያች ድምፅ ነው።

ምርጫ የሚባል ነገርም አልነበረም። ሲም ካርዱ ራሱ በወረፋ የሚገኝ ነበር። ቀፎው ደግሞ ኖኪያ ነው፤ አበቃ። በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እኛ የወደድነው አናቱ ላይ ላለችው ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይፈለግ የነበረበት ቤት ሁሉ በዚያች ነጭ ብርሃን ራት በልቷል። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ደግሞ ቀናት ይቆያል። አንጋጫ ያለችው አክስቴ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥታ፣ አምበሪቾን ፊት ለፊት እያየች ነበር የምትደውለው። እሷን ስለ ሶፍትዌር ብትጠይቋት እባቧን ጨዋታ ታሳያችሁ ነበር።

ግን በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ አንድ ትልቅ ጉዳይ ነበር፦ ፊደል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 መስከረም ነው፤ ሞባይል አገራችን በገባበት በዚያው ዓመት። መዝገብ ውስጥ መግባትና ቀፎ ውስጥ መግባት ግን ለየቅል ናቸው። በእጃችን የነበሩት ኖኪያዎች አማርኛ አያውቁም። ቴክስቱም ቢሆን ከምርጫ 97 በኋላ ተዘግቶ የተመለሰው በ2007፣ እኛ ሚሊኒየም ባከበርንበት ሰሞን ነው። ሲመለስ ሁላችንም አማርኛን በላቲን እንጽፍ ጀመር። በላቲን «ጠ» እና «ተ» አንድ ናቸው፤ ስለዚህ «መጣ» እና «መታ» ልዩነት የላቸውም። «ወንድምህ ትናንት ማታ መጣ» የሚለውን መልእክት «ማንን መታ?» ብሎ ደውሎ የጠየቀ ጎረቤት ነበረን።

እዚህ ላይ የሆሳዕና ልጅ ከአዲስ አበባው ይለያል። ከ1991 በኋላ ሀዲይሳና ከምባትሳ ትምህርት ቤት ሲገቡ የገቡት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ የእኔ ትውልድ በኖኪያው ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ከአማርኛ ይልቅ በትክክል መጻፍ ይችል ነበር። ወንድሜም ሳውዝ እንደገባ ቴክስት የሚልከው በሀዲይሳ ነበር። ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? አባቴ ላይ ነው። አባቴ ማንበብ የተማረው በደርግ ጊዜ፣ በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ ሀዲይሳና ከምባትሳም ከነዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉም ግን የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ አባቴ የገዛ ልጁ በገዛ ቋንቋው የጻፈለትን መልእክት ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። «አንብብልኝ» ይላል። አነብለታለሁ። ሀዲይሳውን ሲሰማ ሁሉም ይገባዋል፤ ፊደሉን ሲያይ ግን ባዕድ ነው። አንዳንዴ ለብቻው ሊሰማው የሚገባ ነገር ይኖራል፤ እኔ ግን ቀድሜ አንብቤዋለሁ። የቤታችን የስልክ ችግር ለዓመታት ይኸው ነበር። የትኛውም የኖኪያ ሞዴል አይፈታውም።

በ2007 አይፎን ሲወጣ፣ በ2008 ደግሞ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ሲወጣ እኛ ጋ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። በዚያው በ2008 ግንቦት ግን ሌላ ነገር ሰማን። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ሞተ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ። ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያለው ልጅ ስልክ ካላነሳ ቤተሰቡ እህል አይቀምስም ነበር። ፎቶ የለ፣ ቪዲዮ የለ። «የጠሩት ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ያኔ ያልጠላ የለም። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን በሌላ ሰው ስልክ ደወለ። ያወራው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ከዚያ ወዲያ ሳውዝ ያለው ልጅ ብር ሲይዝ ስልክ መላክ ጀመረ። በ2010 እና 2011 አካባቢ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወጣቱ ስልክ ብላክቤሪ ነበር፤ ቢቢኤም የሚባለው መልእክት መለዋወጫው ወጣቱን አሳብዶት ነበር። ከመንገደኛ ሻንጣ የወጣ ብላክቤሪ እኛ ሰፈርም ደረሰ። ያምራል! ቁልፎቹ እንደ ሩዝ የተደረደሩ። ግን ቢቢኤም እስከ 2013 ጥቅምት ድረስ ከብላክቤሪ ወደ ብላክቤሪ ብቻ ነበር የሚሠራው። ላኪው ጋ አለ፣ ልጁ ጋ አለ፤ እናት ጋ፣ ጎረቤት ጋ፣ ዱራሜ ያለው አጎት ጋ የለም። ብቻውን የቆመ ስልክ ሆነ። ለፎቶ መነሻ ጠቀመ።

ኖኪያስ? በ2011 የካቲት ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ ዊንዶውስ ፎን ውስጥ ገባ፤ በ2013 የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ለመሸጥ ተዋዋለ። ዓለም ስለ መድረኮች ጦርነት ብዙ ጻፈ። በእኔ አስተያየት ሆሳዕና ኖኪያን የተወችው በዚህ ሁሉ ምክንያት አይደለም። ቴክኖ ነው የመጣው። የቻይናው ኩባንያ በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ጀመረ፤ አማርኛ የሚጽፍ ቀፎም አቀረበ፤ ሁለት ሲምም ይወስዳል። (ሁለት ሲም ሌላ አፍሪካ ውስጥ የተወደደው ብዙ ኦፕሬተር ስላለ ነው። እኛ ያኔ የነበረን አንድ ቴሌ ነው፤ ግን ሁለት ሲም ደስ ይለናል። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ... እናንተው ታውቁታላችሁ።) አባቴ ቴክኖ ላይ የአማርኛ ፊደል ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ወልውሎ መልሶ አጠለቀው። ወንድሜ ግን እዚያ ማዶ ሆኖ በላቲን መጻፉን ቀጠለ፤ ስልኩ የዚያ አገር ስልክ ነው። ፊደሉ በአንድ ጫፍ ተፈታ፣ በሌላው ቀረ።

ነገሩን የፈታው ኢሞ ነው። አዎ፣ ያ የአዲስ አበባ ልጆች የሚስቁበት ኢሞ። ርካሽ አንድሮይድ ላይ ይሠራል፣ በደካማ ኔትወርክም እየተቆራረጠ ይሠራል፣ አይፎን ላይም ይሠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንበብ አይፈልግም። ትነካዋለህ፣ ፊት ይመጣል። የላቲንና የግዕዝ ጣጣ፣ የዘመቻና የትምህርት ፖሊሲ ልዩነት፣ ሁሉም በአንድ የቪዲዮ ጥሪ ቀረ። በ2015 እና በ2019 ሳውዝ ላይ እንደገና ጥቃት ሲነሳ አባቴ ማንንም «አንብብልኝ» አላለም። ልጁን ራሱ አየው። ከንፈሩ ያበጠ መሆኑንም አየ፤ ወንድሜ «ወድቄ ነው» ቢልም። ከዚያ በፊት በድምፅ ብቻ ሲያወሩ ስንቱን «ወድቄ ነው» እንዳመንን እግዜር ይወቀው። በ2020 መጋቢት ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በኮንቴነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ሲገኙ፣ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ሲነገር፣ ልጇ መንገድ ላይ ያለ እናት ሁሉ ኢሞ ላይ ያቺን አረንጓዴ ነጥብ ስታይ ታድር ነበር። ሰውየው መስመር ላይ ነው የምትለዋን ነጥብ ማለቴ ነው። አፕልም ይሁን ጉግል ለዚያች ነጥብ ማስታወቂያ ሠርተው አያውቁም።

እንግዲህ አይፎን ከዚህ በኋላ ነው የነገሠው። አይፎን ስልክ ብቻ አይደለም፤ ልጁ «ተሳክቶለታል» የሚል ደብዳቤ ነው። ሰፈር ውስጥ እንደ ፎቁ ይታያል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ስልክም ነው፤ ከርካሽ አንድሮይድ ይልቅ ለረዥም ዓመት ማሻሻያ ያገኛል። ግን ጓደኞቼ ጁስ ቤት ያልነገሩኝ ብዙ ነገር አለ። ያገለገለ አይፎን ሲላክ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ ካልወጣ ከ2013 ጀምሮ ያለው ቁልፍ ድንጋይ ያደርገዋል። አይፎን 7 አይኦኤስ 15 ላይ ቆሟል፤ እንዲህ የቆመ ስልክ ላይ አዳዲስ አፖች አንድ በአንድ ይሰናበታሉ። ከአሜሪካ የሚላክ ከሆነ ደግሞ አይፎን 14 እና ከሱ በኋላ የወጡት የአሜሪካ ሞዴሎች የሲም ቀዳዳ የላቸውም፤ ያገር ቤት ሲምህን የት ልትከተው ነው? ቀፎ ወደ አገር ማስገባትም ሁሌ ቀላል አልነበረም። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም የቀፎ ምዝገባ ሥርዓት ሲጀምር ቀረጥ ያልተከፈለበት አዲስ ስልክ ኔትወርክ አጥቶ ቀርቷል። «ለቻርጀሩ አንድሮይድ ይሻላል» የሚለው ክርክር ግን አርጅቷል፤ ከ2023ቱ አይፎን 15 ወዲህ መሰኪያው አንድ ነው። አንድሮይድም ቢሆን አንድ ነገር አይደለም። ሳምሰንግ በ2024 ለኤስ 24 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል፤ ርካሾቹ ግን ገና በሁለት ዓመታቸው ይረሳሉ።

ብርስ? ቴሌብር በ2021 ሲጀመር በኮከብ ቁጥር ስለሚሠራ የእናቴ ቁልፍ ስልክም ይበቃል። በ2022 ሳፋሪኮም ሲገባ ያቺ ሁለተኛዋ የሲም ቀዳዳ በመጨረሻ እውነተኛ ሥራ አገኘች። ለእነዚህ ሁሉ አይፎን የግድ አይደለም።

በሳምንቱ ለወንድሜ ደወልኩ። «በአንዱ አይፎን ዋጋ ሁለት መካከለኛ ሳምሰንግ ላክ፣ አንዱ ለእማዬ» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ሰው ምን ይላል? ሳውዝ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እኔ ስለ እናቴ ጆሮ ሳስብ እሱ ስለ ስሙ እያሰበ ነበር። ሎኬሽን ውስጥ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሞ የሚውል ሰው፣ ሆሳዕና ላይ የሚታይለት ነገር ቢኖር የላከው ነው። በዚያ ላይ ልከራከረው አልቻልኩም። «እሺ፣ ላስብበት» ብሎ ዘጋ።

ለገና አንድ መንገደኛ ሁለት ካርቶን አምጥቶ ሰጠኝ። አንዱ ሳምሰንግ ነው፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ የእናቴ ስም ተጽፎበታል፣ በግዕዝ ፊደል። ሁለተኛው አይፎን ነው። ያገለገለ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ የተጫረ። ወንድሜ የራሱን ነው የላከልኝ። እሱ አሁን በምን እንደሚደውል ብጠይቀው «ተወው ባክህ» አለኝ። እናቴ በአዲሱ ስልክ በኢሞ ደውላ አየችው። ስትጨርስ ስልኩን በነጠላ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ኖኪያውን ግን ማታ መብራት ሲጠፋ ከትራሷ ሥር አወጣችው።