የሳኮፓስቶሬ የራስ ቅሎች
የሳኮፓስቶሬ የራስ ቅሎች በሮም ከተማ፣ በአኒየኔ ወንዝ ዳር ከነበረ የጠጠር ማውጫ የተገኙ ሁለት የኒያንደርታል ሰው ቅሪተ አካላት ናቸው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1929 ሠራተኞች ሲቆፍሩ፣ ሁለተኛውን በ1935 ተመራማሪዎቹ አልቤርቶ ካርሎ ብላንክና አንሪ ብረይ አገኙ። የመጀመሪያው የሴት እንደሆነ ይታመናል፤ የታችኛው መንጋጋ ባይኖረውም ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው። በአናቱ ላይ የሚታዩት ሁለት ቀዳዳዎች የቁፋሮ መሣሪያ ያደረሰው ጉዳት ናቸው። ከሁለተኛው የተረፈው የፊቱና የራስ ቅሉ ግርጌ ከፊል ብቻ ነው።

ዕድሜያቸው ለረጅም ጊዜ 120 ሺህ ዓመት ገደማ ሲባል ቆይቶ፣ በቅርብ የተካሄዱ የሥነ ምድር ጥናቶች ወደ 250 ሺህ ዓመት ከፍ አድርገውታል። በአፍሪካ፣ በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው ጥንታዊ የዘመናዊ ሰው ቅሪት ዕድሜም ከ200 ሺህ ዓመት በላይ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ በዚያ ጥንታዊ ዘመን በአውሮፓና በአፍሪካ የተለያዩ የሰው ዝርያዎች ይኖሩ ነበር።

በሥፍራው የዝሆንና የጉማሬ አጥንቶች፣ እንዲሁም የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ቅሎቹን ያጠናው የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ሰርጆ ሰርጂ ሲሆን፣ የሚገኙትም በሮም ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ የጁዜፔ ሰርጂ የሥነ ሰብእ ሙዚየም ነው።